ወረቀቱን ወደ ቅርጫት ከመወርወራችሁ በፊት

አሁን አጠገባችሁ የታተመ ነገር አይጠፋም። የመድኃኒት ካርቶን፣ የክብሪት ሳጥን፣ የጉዞ ቲኬት፣ የሆነ ዕቃ መግጠሚያ መመሪያ፣ ምንም ይሁን አንሱት። ገና አታንብቡት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ራቅ አድርጉት፣ ከዚያ ፊደሉ እስኪደበዝዝ ድረስ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩት።

መጀመሪያ የታያችሁ ምንድን ነው? ቀጥሎስ?

ቀድሞ የታያችሁ ነገር ወረቀቱ የተሠራበት ዋና ጉዳይ ከሆነ፣ ዲዛይነሩ በደንብ አስቦበታል። ቲኬት ላይ ከመነሻ ሰዓቱና ከወንበር ቁጥሩ በፊት የድርጅቱ አርማ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ ግን፣ ተሳፋሪው ተረስቷል ማለት ነው።

“ያምራል ወይ?” የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። ማን ነው የሚይዘው፣ የት ሆኖ፣ በምን ሁኔታ? መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌሊት፣ በደብዛዛ መብራት፣ ባመመው ሰው እጅ ነው። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ዴቦራ አድለር የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ መሥራት የጀመረችው ሴት አያቷ የባለቤታቸውን መድኃኒት በስህተት ከዋጡ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ የዋለው ብልቃጥ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጽሑፉን ለማንበብ እያዞራችሁ አትቸገሩም፣ የመድኃኒቱ ስም ከላይ በጉልህ ተጽፏል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የተለያየ ቀለም ያለው ቀለበት ይገባል። ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም። እኔ ግን በጣም ቆንጆ ከምላቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ሥዕል ስታዩ አንዱን ክፍል በጣታችሁ ሸፍኑት። ተሸፍኖም መልእክቱ ካልጎደለ ያ ነገር ትርፍ ነበር። ጀርመናዊው ሉሲያን በርንሃርድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለፕሪስተር ክብሪት ፖስተር ሲሠራ፣ በመጀመሪያ ጠረጴዛውንም፣ ሲጋራውንም፣ መተርኮሻውንም፣ ጭሱ ውስጥ የሚደንሱ ሴቶችንም ስሎ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ አጠፋቸው። የቀሩት ቢጫ ራስ ያላቸው ሁለት ቀያይ የክብሪት እንጨቶችና የድርጅቱ ስም ብቻ ናቸው፤ ፖስተሩ ዛሬም በዲዛይን ትምህርት ይነሳል።

የመግጠሚያ መመሪያ ላይም ያው ነው። ለምን ፎቶ አልተደረገም? ፎቶ ጥላውንም ነጸብራቁንም ሁሉንም እኩል ያሳያል፣ በመስመር የተሠራ ሥዕል ግን ይመርጣል፤ የምታጠብቁትን ብሎን ብቻ አጉልቶ ሌላውን በስሱ ይተወዋል።

ካርታ ስታዩ ደግሞ ሆን ተብሎ የተለወጠውን ፈልጉ። ሃሪ ቤክ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመው የለንደን የምድር ባቡር ካርታ መስመሮቹን ወይ አግድም፣ ወይ ቀጥ ያለ፣ ወይ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ አድርጎ፣ መሐል ከተማ የተጨናነቁትን ጣቢያዎች ዘርዘር፣ ዳር ያሉትን ቀረብ አድርጎ ነው የሠራቸው፤ ምክንያቱም ምድር ውስጥ ያለ ሰው የትኛው ጣቢያ ላይ ባቡር እንደሚቀይር እንጂ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ አይጨንቀውም።

ጽሑፉን ለማየት ባዶ ቦታውን ተመልከቱ። አብረው የሚሄዱ ነገሮች ተቀራርበዋል? የሰዓት ሰንጠረዥ ላይ ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል? ዓይናችሁ መስመር እየሳተ ከተመለሰ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

አሁን ማጉያ መነጽር አምጡ፣ ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ባለቀለም ፎቶ ላይ ስታጎሉ ሥዕሉ ይጠፋና ነጠብጣብ ይሆናል፦ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። አረንጓዴው ቅጠል አረንጓዴ ቀለም አልነካውም፤ የተደራረቡ የሳያንና የቢጫ ነጠብጣቦች ናቸው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ካርቶን ሁሉ አንድ በአንድ ሳገላብጥ ነው ያመሸሁት። አራቱ ቀለማት በትክክል ካልተደራረቡ ጠርዝ ጠርዙን ቀጭን ባለቀለም ጥላ ታያላችሁ፣ ይሄ የሚመጣው ከማተሚያው ነው። ጥንቁቅ ዲዛይነር ግን ይህን ቀድሞ ስለሚያውቅ ደቃቅ ጽሑፍን በጥቁር ብቻ ያስቀምጣል። የገንዘብ ኖትም በጣታችሁ ዳብሱ፤ ብዙዎቹ ላይ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይሰማችኋል፣ ከተቀረጸ ብረት ላይ በከባድ ግፊት ስለሚታተም።

አንድ የጫማ ካርቶን ለዚህ መድቡ። የወደዳችሁትን ቲኬት፣ ማሸጊያ፣ በራሪ ወረቀት አስቀምጡበት፣ ያናደዳችሁንም ጭምር፤ መጥፎው አጠገቡ ሲሆን ነው ጥሩው ምን እንዳደረገ የሚገባው። ጀርባው ላይ በእርሳስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ “ሰዓቱን ወዲያው አገኘሁት” ወይም “ስልክ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ፈለግኩት” ዓይነት። “ያምራል” ብቻ ብላችሁ የጻፋችሁበት ካለ፣ እንደገና አውጥታችሁ ራቅ አድርጋችሁ እዩት።