የራውተርና የስዊች ኮንፊገሬሽን ባክአፕ አያያዝ፦ በሰሜን ሸዋ ቅርንጫፎች ላሏቸው መሥሪያ ቤቶች

ዋና ቢሮው ደብረ ብርሃን ሆኖ ቅርንጫፎቹ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በመሐል ሜዳ ያሉት መሥሪያ ቤት አንድ ራውተር ሲቃጠልበት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ምትክ መሣሪያና የተቃጠለው መሣሪያ ኮንፊገሬሽን፣ ማለትም መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስኑት ትእዛዞች ጽሑፍ። ምትኩ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል፤ ኮንፊገሬሽኑ ግን አስቀድሞ ካልተቀመጠ ከየትም ገበያ አይገዛም። የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሥራ የሚመዘነውም ኔትወርኩን ያልዘረጋው ባለሙያ፣ የዘረጋው ሰው በሌለበት ቀን፣ ፋይሉን ከፍቶ ቅርንጫፉን ወደ ሥራ መመለስ በመቻሉ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመሣሪያዎች መዝገብ ነው። የእያንዳንዱ ራውተር፣ ስዊችና ፋየርዎል ስም፣ ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥር፣ የሶፍትዌር ቨርዥን፣ የማስተዳደሪያ አይፒ አድራሻና የሚገኝበት ክፍል ይመዘገባል። የክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለም መጻፍ ይገባል፤ በበዓል ቀን ቅርንጫፍ ድረስ የወረደ ባለሙያ በር ላይ ቆሞ እንዳይቀር የሚያደርገው ይህች አንዲት መስመር ናት።

መጀመሪያ በመሣሪያው ላይ

በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ ሁለት ኮንፊገሬሽኖች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ራኒንግ ኮንፊግ የሚባለው መሣሪያው አሁን የሚሠራበት ሲሆን የሚቀመጠው በራም ላይ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስታርትአፕ ኮንፊግ የሚባለው ደግሞ መሣሪያው ሲነሣ የሚያነበውና መብራት ቢጠፋም የሚቆየው ነው። የሁዋዌ መሣሪያዎችም እየሠራ ያለውንና የተቀመጠውን ለይተው ይይዛሉ። አንድ ባለሙያ አዲስ ቪላን (በስዊቹ ላይ ተለይቶ የሚከፈል ንዑስ ኔትወርክ) ጨምሮ ሳያስቀምጥ ከወጣ ኔትወርኩ ለወራት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል፤ መብራት ጠፍቶ የዩፒኤሱ ባትሪ ባለቀበት ሌሊት ግን ስዊቹ የድሮውን ኮንፊገሬሽን ይዞ ይነሣል፣ ጠዋት የገቡት ሠራተኞችም ኢንተርኔቱ የተቋረጠው በመብራቱ ምክንያት ይመስላቸዋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ በጣም የተለመደ ብልሽት ስለሆነ፣ ባክአፕ ሲወሰድ ሁለቱንም ኮንፊገሬሽኖች ወስዶ ማነጻጸርና ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱን በዚያው ቀን መጠየቅ ያስፈልጋል። ማይክሮቲክ በአንጻሩ እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያው ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ስሕተቱንም ወዲያው ያስቀምጣል ማለት ነው። ጁኒፐር የመጨረሻዎቹን 50 ኮንፊገሬሽኖች በራሱ ላይ ይይዛል፤ ይህ የተሳሳተ ለውጥን ለመመለስ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን መሣሪያው ሲቃጠል ታሪኩም አብሮ ስለሚቃጠል የውጭ ባክአፕን አይተካም።

ከሩቅ ሆኖ ለውጥ ማድረግም የባክአፕ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የሸዋ ሮቢትን ራውተር የሚያስተካክል ሰው በአንድ የተሳሳተ መስመር ግንኙነቱን ቢቆርጥ፣ ጣርማ በርን አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት መውረድ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በሲስኮ ላይ ለውጡ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሣ ይታዘዛል፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ መሣሪያው የተቀመጠውን የድሮ ኮንፊገሬሽን ይዞ ይነሣል፤ ካልተቋረጠ ትእዛዙ ይሰረዛል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኮንፊገሬሽኑ ይቀመጣል። በጁኒፐር ኮሚት ኮንፈርምድ፣ በማይክሮቲክ ሴፍ ሞድ የሚባሉት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ቅጂውን ማውጣት

ብዙ መመሪያዎች ቲኤፍቲፒ የሚባለውን የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ የሚመርጡት ቀላል ስለሆነ ነው፤ ሆኖም ቲኤፍቲፒ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የሚያስተላልፈውንም አይመሰጥርም። መሣሪያው ኤስኤስኤች (የተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) የሚችል ከሆነ በእርሱ ላይ የሚሠሩትን ኤስሲፒ ወይም ኤስኤፍቲፒ መጠቀም ይገባል፤ በኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ የሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ካርታ ነውና።

በማይክሮቲክ ሁለት ዓይነት ባክአፕ ይወሰዳል። የባይነሪው ባክአፕ ለዚያው ለአንዱ መሣሪያ የታሰበ ስለሆነ በሌላ ሞዴል ላይ ለመጫን አይመከርም፤ በኤክስፖርት የሚገኘው ጽሑፍ ግን ይነበባል፣ ይነጻጸራል፣ ተስተካክሎም በሌላ መሣሪያ ላይ ይገባል። ኤክስፖርቱ የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃልና ሰርተፊኬቶችን አይጨምርም፤ ከቨርዥን 7 ወዲህም ሌሎች ምስጢሮችን ካልታዘዘ በስተቀር ይደብቃል። በሲስኮ ስዊቾች ላይ ደግሞ ቪቲፒ (የቪላን ዝርዝርን በስዊቾች መካከል የሚያሰራጨው ዘዴ) በሰርቨር ሞድ ከሆነ የቪላኖቹ ዝርዝር በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ ሳይሆን በፍላሽ ላይ ባለ የቪላን ፋይል ስለሚቀመጥ፣ እርሱም ለብቻው መቀዳት አለበት።

የፋይል ስም መሣሪያውን፣ ቦታውንና ቀኑን መያዝ አለበት፤ ቀኑም በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ቢጻፍ ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜያቸው ይደረደራሉ። እኛ በሁለት የዘመን አቆጣጠር የምንሠራ ስለሆንን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። መዝገቡና ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር ቢሆንም፣ ለፋይል ስም የአውሮፓውያኑን እመርጣለሁ፤ የመሣሪያው ሰዓት የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነው፣ 13ኛ ወር ተብሎ ቢጻፍለትም አይቀበልም። የሰዓት አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፦ ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲወሰድ የፈለገ ሰው በሰርቨሩ ላይ 02:00 ብሎ ማስገባት አለበት፤ 08:00 ብሎ ካስገባ ባክአፑ የሚወሰደው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ በሚጀምርበት ጊዜ ነው። የሁሉም መሣሪያዎች ሰዓት በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ በሚያስተካክለው አገልግሎት) መስተካከሉንና ቀጣናው ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ሦስት ሰዓት ወደፊት መሆኑን ማረጋገጥም አይዘነጋ።

ቅጂዎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፦ አንዱ በሰርቨር፣ አንዱ በተመሰጠረ ውጫዊ ዲስክ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። በሲስኮ ታይፕ 7 በሚባለው መንገድ የተሸሸገ የይለፍ ቃል በቀላሉ የሚፈታ ስለሆነ፣ ይህ ያለበት ፋይል በቴሌግራም ለባልደረባ መላክ የለበትም።

መሣሪያዎቹ ሲበዙ በእጅ መቅዳት አይዘልቅም። ኦክሲዳይዝድና ራንሲድ የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች በየተወሰነ ጊዜ ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ ገብተው ኮንፊገሬሽኑን ይወስዳሉ፤ ኦክሲዳይዝድ ፋይሎቹን በጊት (የፋይል ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ፕሮግራም) ማስቀመጥ ስለሚችል የትኛው መስመር መቼ እንደተለወጠ ይታያል። የሲስኮ የአርካይቭ አገልግሎትም ባለሙያው ኮንፊገሬሽኑን ባስቀመጠ ቁጥር ቅጂ ወደ ሰርቨር እንዲላክ ያደርጋል። ለፕሮግራሙ የሚሰጠው መለያ ማንበብ ብቻ የሚችል ይሁን። ባክአፕ ያልተወሰደበትን መሣሪያ የሚጠቁም ማሳወቂያም መኖር አለበት፤ በመሐል ሜዳ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ፕሮግራሙ መግባት ካቃተው፣ የቆየው ፋይል በቦታው ስላለ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል።

መመለስን መለማመድ

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መለዋወጫ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ከቅርንጫፎቹ የአንዱን ፋይል መርጦ፣ ኮንፊገሬሽኑን የጻፈው ሳይሆን ሌላ ባልደረባ በኮንሶል ገመድ (ኮምፒውተርን በቀጥታ ከመሣሪያው ጋር በሚያገናኘው) እንዲጭነው ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ወረቀት ላይ የማይታዩ ችግሮች ይወጣሉ። በሲስኮ ላይ ፋይልን ወደ ራኒንግ ኮንፊግ መቅዳት የነበረውን አይተካም፣ ከነበረው ጋር ይቀላቅለዋል፤ ስለዚህ የተሳሳተው አክሰስ ሊስት (ምን እንደሚያልፍና እንደማያልፍ የሚወስነው ዝርዝር) ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ለመተካት ኮንፊገር ሪፕሌስ የሚለው ትእዛዝ፣ ወይም ፋይሉን ወደ ስታርትአፕ ቀድቶ መሣሪያውን ማስነሣት ያስፈልጋል።

አዲስ ራውተር ላይ ጽሑፉን በኮንሶል የሚለጥፍ ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የአዲስ ራውተር ኢንተርፌሶች (ኬብል የሚሰካባቸው በሮች) ዝግ ሆነው ይመጣሉ፤ የሚከፍታቸው ኖ ሻትዳውን የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በባክአፑ ውስጥ አይጻፍም። ጽሑፉ በሙሉ ያለ ስሕተት ገብቶ፣ አይፒው ትክክል ሆኖ፣ ኬብሉም ተሰክቶ ሳለ ራውተሩ አንድም ፓኬት አያሳልፍም፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ መስመሩ ተበላሽቷል ብሎ ግማሽ ቀን ቴሌን ሲጠብቅ ሊውል ይችላል። የኤስኤስኤች ቁልፎችም በጽሑፉ ስለማይመጡ በአዲሱ መሣሪያ ላይ እንደገና መፈጠር አለባቸው፤ አለበለዚያ ከደብረ ብርሃን በኤስኤስኤች መግባት አይቻልም።

ልምምዱ ሲያልቅ ባልደረባው ሳይጠይቅ መቀጠል ያቃተውን ቦታ ሁሉ፣ በእጅ የጨመረውን እያንዳንዱን ትእዛዝና የፈጀበትን ጊዜ ይጽፋል። ይህ ማስታወሻ ከኮንፊገሬሽን ፋይሉ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጣል፤ ታትሞም በቅርንጫፉ መሣሪያ መደርደሪያ ውስጥ ይለጠፋል፣ ኔትወርኩ በተቋረጠበት ቀን ሰርቨሩን ከፍቶ ማንበብ ላይቻል ይችላልና። በታተመው ገጽ ላይ ግን የይለፍ ቃል አይጻፍም።