«ምን በልተህ ነው?» እና ሌሎች ስኳር ያለበት ሰው ቤት የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጠዋት ነው። ሰውየው ጣቱን ወግቶ የደሙን ጠብታ ስትሪፑ ላይ ያስነካል። የደም ስኳር መለኪያው ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ 192 የሚል ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ከጀርባው ቆሞ የሚያይ ሰው አለ። «እንዴት አደርክ?» ሳይባል «ማታ ምን በልተህ ነው?» ይመጣል። የበላው ቤተሰቡ የበላውን ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ እንጂ ሌላ አልቀመሰም። ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የሚሰማው ደግሞ ጥፋቱን የሚሸፍን ይመስለዋል። በማግስቱ መለኪያው መኝታ ቤት ይገባል። ከሳምንት በኋላ ከመሳቢያው መውጣቱም ይቀራል።

ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ሌሎቹን ስህተቶች የሚወልድ ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ክስ ከሆነ ሰው መለካት ይተዋል፤ መለካት ከተወ መድኃኒቱ በግምት ይሆናል። ጥያቄው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ስህተት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ እንደ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ያሉትን ያመነጫል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ቆሽት ወዲያው ኢንሱሊን ጨምሮ ያመጣጥነዋል። ስኳር ያለበት ሰው ግን ምንም ሳይቀምስ ከፍ ብሎበት ሊያድር ይችላል። ጉንፋን፣ የተመረዘ ጥርስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ለአስም የታዘዘ ፕሬድኒሶሎን፣ እነዚህም ሁሉ ቁጥሩን ይሰቅሉታል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከመወጋት ቆዳ ሥር የተፈጠረ እብጠት ኢንሱሊኑን በአግባቡ አያሳልፍም። ፍራፍሬ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ደግሞ መለኪያው የሚያነበው ጣቱ ላይ የቀረውን ጭማቂ ጭምር ነው፤ በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና መለካት ብቻውን ቁጥሩን በእጅጉ ሊቀይረው ይችላል።

እናስ ምን ይባል? «ስንት ሆነ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን ፊትን ሳይለውጡ «እሺ፣ ጻፈው» ማለት ይበቃል። ደብተሩ ላይ ሰዓቱ፣ ቁጥሩ፣ መድኃኒቱና ያን ቀን የተለየ ነገር ካለ እሱ ይጻፍ። ጠዋት ጠዋት ለ3 ቀን ተከታታይ ከፍ ካለ፣ ለአንድ ሁለት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ መለካት ብዙ ነገር ይገልጣል። የዚያን ሰዓት ቁጥር ደህና ሆኖ ጠዋት ከፍ ካለ፣ የንጋቱ ሆርሞን ሥራ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ከ70 በታች ከተገኘ ግን የማታው መድኃኒት መጠን ቶሎ በሐኪም መታየት አለበት። (እዚህ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው። መለኪያችሁ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ በ18 አካፍሏቸው።) «ጥሩ ቁጥር፣ መጥፎ ቁጥር» የሚለውን አነጋገርም ተዉት፤ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ በሉ። ጥሩና መጥፎ የሚባለው ቁጥሩ ቢሆንም የሚሰማው ሰውየው ነው።

በተለይ ልጆች ላይ ውጤቱ ከባድ ነው። የሚቆጣ ወላጅ ያለው ልጅ ቁጥር መፍጠር ይለምዳል። ደብተሩ ላይ ሁሉም 110፣ 120፣ 115 ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፈ ይመስላል። ከዚያ የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤዋንሲ ምርመራ 10 በመቶ ሆኖ ይመጣል። 10 በመቶ ማለት አማካዩ 240 ገደማ ነው፤ 7 በመቶ ደግሞ 154 ገደማ። በመለኪያው ውስጥ የተቀመጠው የኋላ መዝገብ ከደብተሩ ጋር ካልገጠመ ልጁን ውሸታም አትበሉት። «ከፍ ሲል ስለምንቆጣህ ነው አይደል?» ብላችሁ ጀምሩ፣ ቀጥሎ የምትሰሙትንም ሳትቆጡ ስሙ።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት ስኳር ሲወርድ የሚደረገው ነው። ይህ ኢንሱሊን የሚወጉትን እንዲሁም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚወስዱትን ይመለከታል፤ ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ የሚወርደው እምብዛም ነው። አንጎል የሚሠራው በዋናነት በስኳር ስለሆነ ቁጥሩ ከ70 ሲያንስ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ረሃብና የልብ ምት መፍጠን ይመጣል። ከ54 በታች ሲወርድ ደግሞ ሰውየው ይወናበዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ያለምክንያት ይቆጣል። ቤተሰቡ ጠብ የፈለገ ወይም የሰከረ ይመስለውና አብሮት ይጨቃጨቃል። ሩብ ሰዓት በክርክር ይባክናል። ጸጥተኛ የነበረ ሰው ምግብ ሰዓት ሳይደርስ ድንገት ሲጮህ መጀመሪያ ግንባሩን ዳስሱ፤ ቀዝቃዛ ላብ ካለው ነገሩ ከእናንተ ጋር አይደለም። ለደም ግፊት ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይታወቀው ይችላል፤ ላቡ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል።

የሚሰጠው 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር ነው። ይህም ልክ በልክ የተሞላ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ፣ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል (ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር) ጭማቂ ወይም ለስላሳ መጠጥ ነው። ለስላሳው ስኳር አልባ የሚባለው ከሆነ ምንም አይጠቅምም። ቸኮሌትና ብስኩት አይመረጡም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ መድገም። ከተስተካከለና የምግብ ሰዓት ሩቅ ከሆነ ቀለል ያለ ነገር ይብላ። መለኪያ በእጅ ከሌለ ፍለጋ አትሂዱ፣ ስኳሩን ስጡ፤ ሳያስፈልግ የተሰጠ 4 ማንኪያ ለጥቂት ሰዓት ቁጥር ከፍ ከማድረግ አያልፍም፣ ያልተሰጠ ግን ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እነዚህን 15 ደቂቃዎች መታገስ አቅቷቸው ነው። ድንጋጤው እስኪለቅ ያጎርሱታል፣ ያጠጡታል፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ቁጥሩ 300 ላይ ይገኛል።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም። ስኳር ውሃም፣ ማርም። ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት፣ አምቡላንስ እንዲመጣ ደውሉ። ቤት ውስጥ ግሉካጎን (የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መርፌ) ካለ ለአዋቂ 1 ሚሊ ግራም ጭን ላይ ይወጋል፤ የትንሽ ልጅ መጠን ስለሚያንስ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጻፍላችሁ። ከነቃ በኋላ ሊያስመልሰው ስለሚችል በጎኑ እንደተኛ ይቆይ። ያወረደው ኢንሱሊን ሳይሆን ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ነቅቶ እየሳቀ ቢያወራም ሐኪም ቤት ይሂድ፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ በቅን ልቦና የሚፈጸም ስህተት አለ፦ «እሱ ስለማይበላ» ተብሎ ስኳር ከቤት ጠርጎ ማውጣት። የተለካ 4 ማንኪያ ስኳር በትንሽ ፌስታል ታስሮ አንዱ ራስጌ፣ አንዱ ቦርሳ፣ አንዱ ሁሉም የሚያውቀው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሰውየው ደህና በሆነበት ቀን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። «ሲወርድብህ መጀመሪያ የሚታይብህ ምንድን ነው? ስትቆጣ ምን ብንልህ ትቀበለናለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ «ተረጋጋ» ሲባል ይብስበታል፤ «ና እንለካ» ወይም ዝም ብሎ ብርጭቆውን ማቀበል ይሻለዋል። መልሱን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሌላው ስህተት ኢንሱሊን የሚወጋው ሰውና ምግብ የሚያበስለው ሰው አለመነጋገራቸው ነው። ምግብ ከመብላቱ 30 ደቂቃ በፊት የሚወጋ ሬጉላር ኢንሱሊን ከሆነ መርፌው ከገባ ወደ ኋላ መመለስ የለም። እንግዳ ቢመጣ፣ መብራት ቢጠፋ፣ እራት በአንድ ሰዓት ቢዘገይ ስኳሩ አይጠብቅም። ስለዚህ ሁለት ቃል ይበቃል፦ ከመወጋቱ በፊት «ምግቡ ደርሷል?»፣ ከወዲያ «ደርሷል፣ ተወጋ»። መልስ ሳይሰማ መርፌ አይነሳ።

ለእሱ ብቻ ለይቶ ማብሰል ደግሞ ይቅር። ግማሽ ሳህን አትክልት፣ ሩብ ፕሮቲን፣ ሩብ እህል፣ ይህ ለሁሉም የቤቱ ሰው የሚሆን ምግብ ነው።

አሁን ደግሞ ገዳዩ። ልጅቷ ታማለች፣ ታስመልሳለች፣ ምግብ አልወረደላትም። «ስላልበላች ኢንሱሊን ይቅር፣ ይወርድባታል» ይባላል። ዓይነት 1 የሚባለው ስኳር (ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት) ያለበት ሰው ኢንሱሊኑ ጨርሶ አይቋረጥም። ሕመም ራሱ ስኳርን ይጨምራል፤ ኢንሱሊን ከሌለ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ኪቶን የሚባለው አሲድ በደም ይከማቻል። መጠኑ ሊቀየር ይችላል፣ ለዚያም ወዲያው ለሐኪም ደውሎ መጠየቅ ነው። እስከዚያው ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ ለኩ፣ በትንሽ በትንሹ ፈሳሽ ስጡ፣ የኪቶን መመርመሪያ ካለ ሽንቷን ወይም ደሟን መርምሩ። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ሆዷን አጥብቆ ካመማት፣ አተነፋፈሷ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ ትንፋሿ እንደ በሰለ ፍሬ ከሸተተ ነገ ጠዋትን አትጠብቁ።

ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀመጥ በረዶ ከሚሠራው ክፍልም ከኋላ ግድግዳውም ይራቅ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ሟሙቶ ደህና ቢመስልም ይጣላል። የተከፈተው ብልቃጥ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፍ፤ አብዛኛው ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው 28 ቀን ገደማ ነው። ሲሪንጅ የሚገዛው ሰው ብልቃጡ ላይ ያለውን፣ በ1 ሚሊ ሊትር ስንት ዩኒት እንዳለ የሚናገረውን ቁጥር ይዞ ይሂድ። ለ100 ዩኒት ኢንሱሊን የ40 ዩኒት ሲሪንጅ ከተጠቀማችሁ የሚገባው መጠን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ለደከመ እግር ሙቅ ውሃ ማቅረብ ፍቅር ነው፣ ግን ነርቩ የደነዘዘ እግር እየተቃጠለ አይሰማውም። ውሃውን አቅራቢው በክርኑ ይለካ። ውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መሃል በየቀኑ የሚያይለት ሰው ይኑር፤ ለብቻው ለማየት ወገቡ ወይም ዓይኑ ላይፈቅድለት ይችላል።

«ካልተጠነቀቅክ ኢንሱሊን ያስጀምሩሃል» እያሉ ማስፈራራትም ስህተት ነው። አዋቂዎችን በብዛት በሚይዘው በዓይነት 2 ስኳር፣ ቆሽት በዓመታት ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ ተጠንቅቆ የኖረ ሰውም ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። ቤት ውስጥ እንደ ቅጣት ሲሰማው የኖረ ሰው፣ ሐኪሙ ሲያዝለት እንቢ ይላል፣ እየከሳና ዓይኑ እየደከመ ዓመት ያስቆጥራል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ የተሰጠው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ዓይነት 1 የያዘው ልጅ የሚሰጠው ሕክምና ረሃብ ነበር። ልጃቸው ዓይነት 1 የሆነባቸው ወላጆችም «ጣፋጭ ስለሰጠሁት ነው» እያሉ ራሳቸውን አይውቀሱ። የሰውነት መከላከያ የቆሽትን ሴሎች በስህተት ስላጠቃ የመጣ ነው። ይህን ለወንድሞቹና ለእህቶቹም ንገሯቸው፣ እነሱም በልባቸው ይፈራሉ።

ልጅ ጣቱን መውጋት ስለቻለ መጠኑን ብቻውን ያስላ ማለት ግን አይደለም። ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ ወላጅ በአንዴ እጁን አያውጣ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ 5 ደቂቃ አብሮ ደብተሩን ማየት፣ ከዚያ ውጪ ስለ ስኳር አለማንሳት። ቀኑን ሙሉ ስለ ስኳር የሚጠየቅ ልጅ ወላጁን መሸሽ ይጀምራል።

በመጨረሻ፣ ሐኪም ፊት የሚደረገው። ሐኪሙ ሽማግሌውን «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው ልጃቸው ትመልሳለች፤ የበሉትን፣ ያልወሰዱትን፣ የተሳሳቱትን ሁሉ ትዘረዝራለች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ከቤት ሳትወጡ «አባዬ፣ እኔ ምን እንድናገር ይፈልጋሉ? ምኑን ልተወው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብተሩን፣ መለኪያውንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። የሚወጉበት ቦታ ላይ እብጠት ካለ እንዲታይ አስታውሷቸው። የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ደግሞ ውጡላቸው፤ ስኳር የወንድነትን አቅም ያደክማል፣ ተስፋም ያስቆርጣል፣ ይህን በልጁ ፊት የሚጠይቅ አባት ጥቂት ነው።