የጨረር ምስል አልወጣ ሲል

ራዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበትን ናሙና በፎስፈር ሰሌዳ (ያረፈበትን ጨረር ይዞ በሌዘር ስካነር በሚነበብ ሰሌዳ) ላይ አሳድረው ጠዋት ምስሉ ባዶ ሆኖ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ስካነሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጥፋቱ።

ምስሉ ጭራሽ ባዶ ከሆነ የተጠቀሙበት ምልክት ምን እንደሆነ ያስታውሱ። የትሪቲየም (የራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን) ቤታ ጨረር ጉልበቱ ቢበዛ 18.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ የተለመደውን ሰሌዳ መከላከያ ሽፋን አያልፍም፤ ናሙናውን የሸፈነው ስስ ፕላስቲክም ያስቀረዋል። የሚያስፈልገው ሽፋን የሌለው ሰሌዳ ነው፤ ናሙናውም በደንብ ደርቆ በቀጥታ ሊነካው ይገባል። ይህ ሰሌዳ ተወልውሎ ስለማይጸዳ እርጥብ ናሙና አያስጠጉበት።

ምልክቱ ካርቦን-14 ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ጨረሩን ቢያዳክመው እንጂ አያጠፋውም። እዚህ የምጠረጥረው የክፍሉን መብራት ነው። ሌዘሩ ምስሉን የሚያነበው በሰሌዳው ውስጥ የተያዙትን ኤሌክትሮኖች በብርሃን በማስለቀቅ ነው፤ መብራትም ያንኑ ያደርጋል፣ የሚያነብለት ሳይኖር። ሰሌዳውን በደብዛዛ ብርሃን ፈጥነው ወደ ስካነሩ ያስገቡ።

ምስሉ ዳር እስከ ዳር ከጠቆረ ሰሌዳው መሳቢያ ውስጥ ሳለ የተፈጥሮ ጨረር አጠራቅሟል። ከመጠቀምዎ በፊት፣ ትናንት ሳይሆን በዚያው ሰዓት፣ የተጠራቀመውን በነጭ ብርሃን ያጥፉት። ለሳምንታት የሚቆይ ከሆነ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

የቀድሞ ሙከራ ጥላ ሲታይ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ፦ በደንብ ያልጠፋ ምስልና ብክለት። ሰሌዳውን አጥፍተው ወዲያው ያንብቡት። ከዚያ እንደገና አጥፍተው ያለ ናሙና ያሳድሩትና ያንብቡ። ወዲያው የታየ ጥላ ያልጠፋ ምስል ነው፤ ሲያድር በዚያው ቦታ የበቀለ ነጥብ ግን ብክለት ነው፤ ብርሃን አይፈውሰውም።

የደበዘዘ ጠርዝ ካስቸገረዎ ስካነሩን ወደ ደቃቅ የ25 ማይክሮሜትር ንባብ መቀየር ብቻውን አይረዳም። የፎስፈረስ-32 ቤታ በውሃ ውስጥ እስከ 8 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ናሙናውን ከያዘ ወፍራም ጄል ሲወጣ ይበተናል። ጄሉን አድርቀው ከሰሌዳው ጋር አጥብቀው ያጣብቁ፤ ሙከራው ከፈቀደ ቤታው ደከም ባለው ፎስፈረስ-33 ይተኩት።

ቁጥሮቹ ከቀን ቀን አልገጥም ካሉ ሰሌዳው በቆየ ቁጥር ምስሉ እንደሚደበዝዝ አይርሱ። ሁሉንም ከተጋለጡ በኋላ በእኩል ጊዜ ያንብቡ፤ መጠኑ የታወቀ የካርቦን-14 መለኪያም በየጊዜው ከናሙናው አጠገብ ያኑሩ። በፎስፈረስ-32 የሚሠሩ ከሆነ ግማሽ ዕድሜው 14.3 ቀን ነውና ከሁለት ሳምንት በኋላ የተደገመ ምስል በግማሽ ቢያንስ ጥፋቱ የማንም አይደለም።