የሪሴፕተር ፋርማኮሎጂ ተመራማሪን የሳይቴሽን (የመጠቀስ) መዝገብ እንዴት እንመረምራለን?

አማካሪ የሚፈልግ የዶክትሬት ተማሪም ሆነ የማዕረግ ዕድገት ፋይል የቀረበለት ገምጋሚ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ኤች ኢንዴክስ ላይ ነው፤ ይህ ተመራማሪው እያንዳንዳቸው ቢያንስ ያንኑ ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ስንት ጽሑፎች እንዳሉት የሚያሳይ ቁጥር ነው። መድኃኒቶች በሕዋስ ላይ ካሉ ተቀባዮች (ሪሴፕተሮች) ጋር የሚገናኙበትን መንገድ በሚያጠናው ሪሴፕተር ፋርማኮሎጂ ይህ ቁጥር ብቻውን ክፉኛ ያሳስታል። በዘርፉ እጅግ ከሚጠቀሱት ጽሑፎች ብዙዎቹ ቀመሮች፣ የስያሜ መመሪያዎችና የቅኝት ጽሑፎች ስለሆኑ ማን ምን እንዳገኘ ከቁጥሩ አይታወቅም።

መጀመሪያ ተመራማሪውን ከሞክሼዎቹ ይለዩ። 16 አኃዝ ያለው የኦርኪድ ቁጥር (የተመራማሪዎች መለያ) ካለው ከዚያ ይነሱ፤ የጉግል ስኮላር ገጽ የሌላ ሰው ጽሑፍ በራሱ ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፦ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፣ «ገብረ መድኅን» ተነጣጥሎ «መድኅን» ብቻ ሊቀር ይችላል፣ የላቲን አጻጻፉም ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል። ስሙን በሁሉም አጻጻፍ፣ ከተቋሙና ከሚያጠናው ሪሴፕተር ጋር አጣምረው ይፈልጉ።

ከዚያ አንድ የመረጃ ቋት መርጠው በእሱ ይጽኑ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ቅድመ ኅትመቶችንም ስለሚቆጥር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ የጥቅስ ቋቶች፣ ከስኮፐስና ከዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ይበልጣል። አንዱን እጩ ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ወስዶ ማወዳደር አንዱን በቁና ሌላውን በኩንታል እንደ መስፈር ነው። ቁጥሩን የወሰዱበትን ቀንም አብረው ይጻፉ።

ኤች ኢንዴክስ በ2005 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቀረበ ስሌት ነው፤ በእጅም ይሠራል። ጽሑፎቹን ከብዙ ጥቅስ ወደ ጥቂት ይደርድሩ። እንበልና 310፣ 120፣ 64፣ 22፣ 9፣ 5፣ 3 ቢሆኑ፣ አምስተኛው 9 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስድስተኛው ግን 5 ብቻ ስለሆነ ኤች 5 ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ከ310 ወደ 10,000 ቢያድግ እንኳ ኤች ያው 5 ነው።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው፦ በብዛት የተጠቀሱትን አሥር ጽሑፎች ከፍቶ ዓይነታቸውን መለየት። የቼንግና የፕሩሶፍን የ1973 ጽሑፍ እንውሰድ። በሪሴፕተር ትስስር ሙከራ አይሲ50ን (ትስስሩን በግማሽ የሚቀንሰውን የአጋጅ መጠን) ወደ ኬአይ (አጋጁ ከሪሴፕተሩ ጋር የመጣበቅ ጥንካሬ መለኪያ) ለመለወጥ ሁሉም ይጠቅሰዋል፦ አይሲ50 ለ«1 + (የሊጋንዱ መጠን ÷ ኬዲ)» ይካፈላል፤ ሊጋንዱ በሙከራው ከሪሴፕተሩ ጋር የሚጣበቀው ምልክት የተደረገበት ሞለኪውል፣ ኬዲ ደግሞ የእሱ የመጣበቅ መለኪያ ነው። አይሲ50 100 ናኖሞላር፣ ሊጋንዱ 2፣ ኬዲ 1 ከሆነ ኬአይ 33 ገደማ ይመጣል። ርእሱን ያነበበ ግን ጽሑፉ ስለ ኢንዛይም መሆኑን ያያል። ፕሩሶፍም የሚታወቀው በፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሥራው ነው! ይባስ ብሎ፣ ቀመሩ የሚሠራው ለተፎካካሪ አጋጅ (በያው ቦታ ለመጣበቅ ለሚሻማ) ሆኖ ሳለ ለሌላ ዓይነት አጋጅ የሚጠቀሙበትም አሉ፤ ያም በሳይቴሽን ቆጣሪው ላይ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ከጠቃሾቹ ሃያ ያህሉን ከፍተው የተጠቀሰው በመግቢያ፣ በዘዴ ወይስ በውጤት ክፍል መሆኑን ይዩ። የ«ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ፋርማኮሎጂ» የሪሴፕተር መመሪያዎችም ብዙ ጸሐፊ ያላቸውና በብዛት የሚጠቀሱ ስለሆኑ ለብቻቸው ይቀመጡ።

የጸሐፊ ቅደም ተከተል ላይ የተለመደው ደንብ፣ መጀመሪያ የሠራው መጨረሻ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የቤታ 2 አድረነርጂክ (አድሬናሊን የሚቀበል) ሪሴፕተር ጂን የተገለጸበት የ1986 የ«ኔቸር» ጽሑፍ ላይ ኮቢልካ ሁለተኛ፣ ሌፍኮዊትዝ ከመጨረሻው ሁለተኛ ናቸው፤ በ2012 የኬሚስትሪ ኖቤልን የተጋሩት ግን እነሱ ናቸው። ብዙ ተቋማት በሚተባበሩበት ሥራ የጸሐፊዎችን ድርሻ መግለጫ፣ ካለ፣ ያንብቡ።

ጊዜንም ይመዝኑ። ፋርማኮሎጂስቱ አልኲስት በ1948 የአድሬናሊንን አልፋና ቤታ ሪሴፕተሮች የለየበት ጽሑፍ ለዓመታት ብዙም ትኩረት አላገኘም፤ ጄምስ ብላክ በዚያው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ቤታ ሪሴፕተርን የሚያግደውን የልብ መድኃኒት ፕሮፕራኖሎልን ካዘጋጀ በኋላ ነው ክብደቱ የታየው። የአምስት ዓመት መስኮት ብቻ የሚያይ ገምጋሚ አልኲስትን ይጥለው ነበር። አሁን ደግሞ «ቤታ ብሎከር» ብሎ የሚጽፍ ሰው የ1948ቱን ጽሑፍ አይጠቅስም። ሐሳቡ የሁሉ ሆኖ ሲያበቃ ጥቅሱ ይደርቃል።

ራስን መጥቀስ በስኮፐስ ተቀንሶ ይታያል። አንድን ሪሴፕተር ለአሥርት ዓመታት ያጠና ላቦራቶሪ የራሱን ሥራ መጥቀሱ ተፈጥሯዊ ነው፤ የሚያጠራጥረው ራስ ጥቅስ ሲወጣ መዝገቡ ባዶ የሚቀር ከሆነ ነው።

የዘርፍ ልዩነትን ለማመጣጠን የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚያቀርበው አይሳይት የተባለ የድር መሣሪያ በነጻ ይገኛል። የጽሑፎቹን የፐብመድ (የሕክምና ጽሑፎች ቋት) መለያ ቁጥሮች ለጥፈው ይጫኑ፤ ከሚወጣው አንጻራዊ የጥቅስ ምጣኔ 1.0 ማለት ጽሑፉ በተቋሙ ድጋፍ ከታተሙ ጽሑፎች መካከለኛው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። የፐብመድን መዝገብ ብቻ ስለሚያይ፣ እዚያ ያልገባ አገር በቀል ጆርናል ላይ የወጣ ሥራ አይቆጠርለትም፤ ያንን በእጅ ይጨምሩ።