ፓንኬኩ ተበጣጠሰ፣ አረረ፣ ላቆጠ፦ የፍራፍሬ ቁርስ ችግርና መፍትሔ

ጠዋት ከበድ ያለ ምግብ ለማይስማማው ሰው፣ ወይም ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ዳቦ አልበላም ለሚል ልጅ፣ የሙዝ ፓንኬክን የሚያህል ቁርስ አላገኘሁም። ስኳር አይገባበትም፤ ዘይቱ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ሙዙ ተልጦ ሳህን ላይ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እኛ ቤት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይሠራል። አሠራሩን ከሚጠይቁኝ ጎረቤቶችና ዘመዶች ግን አብዛኞቹ አንዴ ሞክረው የተዉት ናቸው። እህቴ ደውላ «ፓንኬክ ልሠራ ተነስቼ እንቁላል ፍርፍር ሆኖ ቀረ» ያለችኝ ትዝ ይለኛል። እህቴ ሙያ አጥታ አይደለም። የስንዴ ሊጥ የለመደ እጅ የፍራፍሬውንም ሊጥ በዚያው መንገድ ሲይዘው ነው የሚበላሸው።

ሙዝ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ማንጎና ፖም ከ80 በመቶ በላይ፣ ፓፓያ ደግሞ 88 በመቶ ገደማ ውሃ ናቸው። ከቀረው ውስጥ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ስኳር ነው። ስለዚህ ሊጥ ውስጥ ፍራፍሬ በጨመርን ቁጥር ውሃና ስኳር ጨመርን ማለት ነው፤ ውሃው ሊጡን ያላላዋል፣ ስኳሩ ቶሎ ያሳርረዋል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ችግሮች አብዛኞቹ ምንጫቸው ይኸው ነው።

መነሻ ልኬቱ ይህን ይመስላል፦ አንድ ትልቅ የበሰለ ሙዝ (ተልጦ 120 ግራም ገደማ)፣ ሁለት እንቁላል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አጃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ከወደዳችሁ ትንሽ ቀረፋ። ሙዙን በሹካ ዳምጡት፣ እንቁላሉን ምቱና ቀላቅሉት፣ ደረቁን ጨምሩ፣ አሥር ደቂቃ አሳርፉት። ሁለት ሰው ቀለል ያለ ቁርስ ያደርገዋል።

ሲገለበጥ ይበጣጠሳል

ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለምና ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስፋቱን ተመልከቱ። የስንዴ ዱቄት ሲቦካ ሊጡን እንደ መረብ የሚያያይዝ ግሉተን ያወጣል። ሙዝ ይህ የለውም፤ አጃም እንደዚያ አያያይዝም። እዚህ የያዘው እንቁላሉ ብቻ ነው፤ እንቁላል ደግሞ የሚጠነክረው ሙቀት ሲደርሰው ነው። የሳህን ያህል ሰፍቶ የፈሰሰ ሊጥ መሃሉ ሳይጠነክር መገልበጫው ዳሩን ያነሳዋል፤ ያኔ በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል። ለአንድ ፓንኬክ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊጥ በቂ ነው፤ ስፋቱ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ አይብለጥ።

ሁለተኛው የሙዙ ብዛት ነው። እንዲጣፍጥ ብለው ለሁለት እንቁላል ሁለት ትልልቅ ሙዝ የሚከቱ አሉ፤ እንዲህ ከሆነ እንቁላሉ ሊይዘው አይችልም። ሙዙ ትልቅ ከሆነ አንድ፣ ትንንሹ የአበሻ ሙዝ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ሊጡ በማንኪያ ሲነሳ እንደ ውሃ ሳይንጠባጠብ ከብዶ መውረድ አለበት። ከቀጠነ አንድ ማንኪያ አጃ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ አጃ ውሃ ለመምጠጥ ጊዜ ይፈልጋልና ወዲያው ደግማችሁ አትጨምሩበት።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ የእህቴም ችግር እዚህ ላይ ነበር። እንጀራ የጋገረ ሰው ዓይን ይጠብቃል። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ይከደናል፤ የስንዴ ፓንኬክም ዓይን ሲያወጣ ይገለበጣል። የሙዝ ሊጥ ግን ከባድ ስለሆነ ዓይኑ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። ዓይኑን ስትጠብቁ ታቹ ያራል፣ ስትቸኩሉ ደግሞ ይቀደዳል። እንግዲህ የምታዩት ዳሩን ነው። ሊጡ መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ዘይት እንደተቀባ ያብለጨልጫል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ዳሩ ዙሪያውን የትንሽ ጣት ስፋት ያህል ማብለጭለጩን ትቶ ደብዘዝ ይላል፤ መሃሉ ገና ያበራል። ያኔ መገልበጫውን ከስር ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። ሳይንገራገጭ ከገባ ደርሷል። ከያዘ ሰላሳ ሰከንድ ጨምሩለትና እንደገና ሞክሩ፤ በግድ አትፈልቅቁት።

ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል

እሳቱ በዝቷል። የገበታ ስኳር ቀልጦ መቅላት የሚጀምረው ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው፤ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ግን 110 ዲግሪ አካባቢ ይጀምራል። ለእንቁላል ጥብስ የምትለምዱት እሳት ለሙዝ ሊጥ ይበዛል ማለት ነው።

መጥበሻውን ጥዳችሁ እሳቱ ሲሰማው አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታው ቺስ ብሎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከደረቀ ልክ ነው። እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ላዩ ላይ ከተሯሯጠ ግን ለዚህ ሊጥ በጣም ግሏል፤ አውርዱትና ደቂቃ ያህል አስተንፍሱት። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ገና ነው።

ያረረው የመጀመሪያው ሳይሆን ሦስተኛውና አራተኛው ከሆነ፣ መጥበሻው ሙቀት እያጠራቀመ ሄዷል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቁልፉን ብትቀንሱም ሽቦው ቶሎ አይበርድም፤ በየዙሩ መሃል መጥበሻውን ከምድጃው ላይ ትንሽ አንስቶ መያዝ ይሻላል። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙን አመድ አልብሱት። እሳቱን ቀንሳችሁም ውስጡ አልበስል ካለ፣ ሊጡን ካፈሰሳችሁ በኋላ ክዳን ግጠሙበት። አክንባሎ ለእንጀራ የሚሠራውን ሥራ ክዳኑ እዚህ ይሠራል፤ እንፋሎቱ ላዩን ያበስለዋል፣ ሲገለበጥም አይፈስም።

ውስጡ እንደ ገንፎ ይላቁጣል

ይሄኛው ሙዝ ትተው ወደ ሌላ ፍራፍሬ በሚሄዱ ሰዎች ላይ ይበዛል። የጨንቻን ፖም ፈቅፍቆ፣ ወይም ማንጎ ፈጭቶ፣ በሙዙ ልክ ሊጥ ውስጥ መክተት አይቻልም፤ ውሃቸው ከሙዝ ይበልጣል፣ እንደተዳመጠ ሙዝም አይወፍሩም። ፖሙን ከፈቀፈቃችሁ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቁት፤ ጭማቂውን ጠጡት። ማንጎ ከሆነ ጭረቱን በወንፊት አጥልላችሁ ከሦስት ማንኪያ አትለፉ፤ ግማሽ ሙዝ ደግሞ ጨምሩለት።

ፓፓያና አናናስ ራሳቸውን የቻሉ ጉዳይ ናቸው። ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን፣ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌይን የሚባሉ ፕሮቲን የሚበጥሱ ኢንዛይሞች አሉ። ፓፓያ ጠንካራ ሥጋ የሚያለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ተፈጭተው እንቁላል ካለበት ሊጥ ጋር ሲያርፉ ፕሮቲኑን መበጣጠስ ይጀምራሉ፤ ወተትም ካለበት መራራ ይሆናል። አሥር ደቂቃ ያሳረፋችሁት ሊጥ ከመወፈር ይልቅ ቀጥኖ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይህ ነው። አናናሱን ቀድሞ በድስት ማፍላት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ፓፓያን ግን እኔ ሊጥ ውስጥ አልከትም። ቆርጦ፣ ሎሚ ጠብ አድርጎበት፣ ከተጋገረው ፓንኬክ ላይ ማድረግ በጣዕምም በመልክም ይበልጣል። አቮካዶም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ሲሞቅ ይመራልና ቦታው ላዩ ላይ ነው።

በጁስ መፍጫ የተፈጨ ሊጥም ይላቁጣል። አጃ ብዙ ሲመታ ሙጫ መሰል ነገር ያወጣል። ሹካ ይበቃል፤ ትንንሽ የሙዝ ጓል ቢቀር እንዲያውም ይጣፍጣል።

ይነፋና ወዲያው ይሰምጣል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፤ እንቁላሉ ሳይጠነክር ሊጡ ይነፋና መልሶ ይተኛል። ጅዳ ወይም ዱባይ ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩልን ልኬት ለባሕር ጠረፍ የተሠራ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካሉ ሩብ አድርጉት። በተቃራኒው እኔ የጻፍኩትን ልኬት እነሱ ሲጠቀሙ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

ጭራሽ ካልነፋ ዱቄቱ አርጅቶ ይሆናል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ካልፈላ ጣሉት። ቤኪንግ ሶዳን ደግሞ በሎሚ ጭማቂ ፈትኑት።

ሳሙና ሳሙና ይላል፣ መልኩም ይጠቁራል

በቤኪንግ ፓውደር ምትክ በዚያው ልክ ቤኪንግ ሶዳ ገብቷል። ሶዳ በጣም ስለሚበረታ ለዚህ ልኬት የጣት ጫፍ ያህል ይበቃዋል፤ የሚያረክሰው ጎምዛዛ ነገርም ይፈልጋል፦ አንድ ማንኪያ እርጎ ወይም የብርቱካን ጭማቂ። ሶዳ ሳይገባ ከጠቆረ ግን የተዳመጠው ሙዝ አየር አግኝቶት ነው፤ ጥቂት ሎሚ ያስቆመዋል፣ ጉዳትም የለውም።

በጾም ያለ እንቁላል አልያያዝ ይላል

እንቁላሉ ሲወጣ የሚያያይዘው ሁሉ ወጣ ማለት ነው። ሙዝ ብቻውን ይበቃዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ሞክሬው መጥበሻ ላይ ቀርቶብኛል። በእጃችን ያለው መፍትሔ ተልባ ነው። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት። በማንኪያ ስታነሱት እንደ እንቁላል ነጭ ክር ሠርቶ መጎተት አለበት። ክር ካልሠራ ደርሷል አትበሉ፤ ግማሽ ማንኪያ ተልባ ጨምራችሁ ጠብቁ።

ተልባ ያያይዛል እንጂ እንደ እንቁላል በሙቀት አይጠነክርም። ስለዚህ በጾም ቀን አጃውን ትቼ ስምንት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፣ ወይም ግማሹን የጤፍ ግማሹን የፉርኖ አደርጋለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይብሰል። ወደ ቡናማ የሚያደላ ለስላሳ ነገር ይወጣል፤ ትኩስ ሻይ ካለ ሌላ አያስፈልገውም።

የጤፉ ዱቄት ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ካለ ውሃ አልጠገበም ማለት ነው። ማታ ጤፉን በውሃ ለውሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ሙዙንና ቤኪንግ ፓውደሩን ጠዋት ጨምሩ።

ልጁ «አይጣፍጥም» ብሎ ይመልሰዋል

ሙዙ አልበሰለም። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ልጣጩ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ውስጡ ደርሷል ማለት አይደለም። ገበያ ላይ ከአርባ ምንጭ የመጣ ጥሩ ሙዝ ስታገኙ ግዙና ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት። ሻጮች «ሊበላሽ ነው» ብለው በቅናሽ የሚሰጡት ለዚህ ሥራ ዋነኛው ነው። ቁንጥር ጨው አትርሱ፤ ጣፋጩን የሚያጎላው እሱ ነው።

ከዚያም በኋላ ማር ካሰኛችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ላዩ ላይ። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥ፤ ቦቱሊዝም ለሚባል ከባድ ሕመም ያጋልጠዋል። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ በጣም የጠቆረውን ሙዝ ትታችሁ መካከለኛውን ተጠቀሙ፤ የሙዝ ስኳርም ስኳር ነውና ሁለት ፓንኬክ ከእንቁላል ጋር ይብቃው።

መጥበሻው ይይዘዋል

ዘይት በማፍሰስ አይፈታም፤ ዘይት የበዛበት የሙዝ ሊጥ ይጠጣዋል። ምጣድ እንደሚታሰሰው አድርጉት፦ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ዘይት ነክራችሁ መጥበሻውን እሹት። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም በዚያው ጨርቅ ጥረጉት፤ የቀረው የስኳር ቅሪት ነው ቀጣዩን የሚይዘው። ቴፍሎኑ ተፍቆ የተላጠ ከሆነ መጥበሻውን ለሌላ ሰው ሳይሆን ለቆሻሻ ስጡት።

ሲቆይ ይረጥባል

ትኩሱን አንዱን ባንዱ ላይ ስትደርቡት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና የታችኛው ላብ ያልበዋል። ሳህን ላይ ከመደርደር ሰፌድ ላይ ዘርጉት፤ ከታችም ከላይም አየር ያገኛል። ለልጅ ምሳ ዕቃ የሚታሰር ከሆነ ፈጽሞ ሳይበርድ አትክደኑት። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ጠዋት ዘይት በሌለው መጥበሻ በዝግታ አንድ አንድ ደቂቃ ብታገላብጡት ዳሩ እንደገና ጠንከር ይላል።