ከፒያሳ ያነሰው ተራራ፦ በስኮትላንድ ጠፍ ምድር የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የስኮትላንድን ተራራ መናቁ አይቀርም። እኔም ንቄ ነበር። አ ቫይቸን 967 ሜትር ነው ሲሉኝ «ይሄማ የፒያሳን ግማሽ አያህልም» ብዬ ሳቅሁ። ልክ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ የተቀመጠችው ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። ግን ተራራውን የመዘንኩት በተሳሳተ ሚዛን ነበር።

ስኮትላንድ ውስጥ ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914.4 ሜትር በላይ የሆኑ ዋና ዋና ተራሮች «መንሮ» ይባላሉ። ስሙ የመጣው በ1891 ዝርዝራቸውን ካወጣው ከሂዩ መንሮ ነው። ዛሬ 282 ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ከመኪና መንገድ በጣም የራቀው አ ቫይቸን ነው ይባላል። ሰሜን ምዕራብ ሃይላንድ ውስጥ፣ ፊሸርፊልድ በሚባለው ጠፍ ምድር መሃል ቆሟል። ዳገቱ ሰው አይገድልም። የሚፈትነው እዚያ እስኪደረስ ያለው ነው።

ቀኑ አልበቃ ሲል

ምልክቱ፦ እኩለ ቀን አልፏል፣ ተራራው ግን ገና ከሐይቁ ማዶ ነው። ጓደኛችሁ ዝም ብሏል። ዝምታው ደግሞ የደህና አይመስልም።

መንስኤው፦ የሒሳብ ስህተት ነው። ከፑልዩ መንደር ተነስቶ ተራራውን ወጥቶ ለመመለስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣት ቀላል ቀመር አለች። በሰዓት ወደ 5 ኪሎ ሜትር አስቡ፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ለርቀቱ 8 ሰዓት፣ ለዳገቱ 2 ሰዓት ገደማ፤ 10 ሰዓት ሆነ። ምሳ አልገባበትም። ፎቶ አልገባበትም። ጭቃውም አልገባበትም። በታኅሣሥ ደግሞ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

መፍትሄው፦ ሁለት ቀን ያዙለት። የመጀመሪያውን ክፍል፣ ከፑልዩ ከርንሳሪ እስከሚባለው ቦታ ድረስ፣ ብዙ ሰው በብስክሌት ይሄደዋል። ከዚያ በእግር ካርንሞር እስከሚባለው ቦታ ገብታችሁ ድንኳን ትተክላላችሁ። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ፣ በሥርዓት እስከተጠቀማችሁ ድረስ፣ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የመሄድና የማደር መብት ይሰጣችኋል። የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ሳላችሁ ቁረጡ፤ ተራራው ላይ ሆኖ የሚቆረጥ ሰዓት ሁሌም ይራዘማል። እኔ የምመርጠው ወር ግንቦት ነው። ቀኑ ረጅም ነው፣ ትንኙም ገና አልበረታም።

የሰማችሁት ስም ካርታው ላይ ሲጠፋ

ሰው «ቫይቸን» ይላል፣ ካርታው ላይ የተጻፈው ግን በ«ኤም» እና በ«ኤች» ይጀምራል። ምክንያቱ ስሞቹ ጌሊክ መሆናቸው ነው። በጌሊክ «ኤም» እና «ኤች» አንድ ላይ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ «ቭ» ይነበባሉ። መድኃኒቱ ከመሄዳችሁ በፊት ስሞቹን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። «አ ቫይቸን» ልጃገረዲቱ ማለት ነው። ጎረቤቷ «ሩአ ስታክ ሞር» ትልቁ ቀይ ቋጥኝ ነው። «ሎኽ» ሐይቅ ነው። እንግሊዞች «ሎክ» ይላሉ፣ እኛ ግን ኽ አለችን፤ በዚህ እንኳ እንኩራ።

ወንዙ ሞልቶ ሲጠብቃችሁ

ምልክቱ፦ ጠዋት ከቁርጭምጭሚት ያልዘለለው ውሃ ማታ ስትመለሱ ጭን ደርሷል። መልኩ ጠላ መስሏል። ጠጠሩ ከታች ሲንኳኳ ይሰማል።

ይሄ በተለይ ከሰሜን፣ ከኮሪ ሃሊ በኩል ለሚገቡ ነው። በዚያ መንገድ ሸናቫል የሚባል ቦቲ አለ። ቦቲ ማለት በራፉ ለመንገደኛ የማይቆለፍ፣ ክፍያ የሌለው የድንጋይ ቤት ነው። መብራትም ውሃም አትጠብቁ። ከቦቲው ወደ ተራሮቹ ለመሻገር ሁለት ወንዞች አሉ፣ ድልድይ ግን የለም። በሁለቱ መሃል ያለውም ሜዳ ረግረግ ነው።

መንስኤው፦ መሬቱ ከላይ በውሃ የጠገበ አተር አፈር፣ ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ ነው። አተር ስል የሚበላውን አይደለም፤ እዚያ «ፒት» የሚሉትን ጥቁር የበሰበሰ የእጽዋት አፈር ነው፣ ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። ዝናብ ሲጥል የሚሰርግበት የለም። ሁሉም በቀጥታ ወደ ወንዝ ይወርዳል። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ከላይ ዘንቦ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። ደራሽን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

መፍትሄው፦ መጠበቅ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው። በፍጥነት የሞላ ወንዝ በፍጥነት ይጎድላል፤ ዝናቡ ካቆመ ብዙ ጊዜ ሰዓታት ይበቁታል። ለመጠበቅ ግን ስንቅ ያስፈልጋል። እኔ የአንድ ተጨማሪ ቀን በሶና ቆሎ ሳልይዝ አልሄድም። በሶ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። ለተራራ የተሠራ ይመስላል። አንዴ ሸናቫል ደርሰን ወንዙን አየነው፣ ተያየን፣ በሶአችንን በጥብጠን ጠጣንና በማግስቱ በመጣንበት ተመለስን። ተራራውን ሳናየው ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማ ሰው እንዲህ ሲመለስ አያፍርም።

መሻገር ይቻላል ካላችሁ ጠባቡን ቦታ አትምረጡ። ጠባብ ቦታ ጥልቅና ፈጣን ነው። ሰፊውን ፈልጉ። ጫማችሁን አታውልቁ። የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ከወደቃችሁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይሄድ። ፊታችሁን ወደ ውሃው መምጫ አዙሩ፣ ምርኩዝ ተደገፉ፣ አንድ እግር እስኪረግጥ ሌላው አይነሳ። ፈጣን ውሃ ጉልበት ካለፈ ተመለሱ። ዝናብ ከተተነበየ ደግሞ ከመነሻው በፑልዩ በኩል ግቡ። በዚያ ሁለቱ ወንዞች አይገጥሟችሁም፤ ካርንሞር ጋ ፊዮን ሎኽንና ዱ ሎኽን የሚለየው በድንጋይ የተሠራ መሻገሪያ አለ።

ጭጋግ ሲወርድና አቅጣጫ ሲጠፋ

ምልክቱ፦ አሥር እርምጃ ከፊታችሁ አይታይም። ስልኩ 40 በመቶ ሲል ቆይቶ ድንገት ጠፍቷል።

ባትሪው የሞተው በብርድ ነው። ስልኩን በውስጥ ኪስ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉት። ከዚያ ውጭ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ግድ ነው። ኮምፓሱንና ስልኩን ግን አንድ ኪስ አትክተቱ። የስልክ ማግኔት የኮምፓሱን መርፌ ሊያዛባው፣ እንዲያውም ሰሜኑን ደቡብ ሊያደርገው ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ፀሐይ በ«ሰሜን» ስትጠልቅ አይቼ ነው።

አ ቫይቸን ላይ ጭጋግ የሚያስፈራበት ምክንያት አለው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ጀርባዋ ለስላሳ ነው፣ በሣር ላይ እየተንሸራሸሩ ይወጡታል። ምዕራቡ ግን ገደል ነው። ጫፉ ላይ ስትደርሱ፣ ገና ጥርት ብሎ ሳለ፣ የምትወርዱበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ያዙት። ከጠፋችሁ ቁሙ። «ትንሽ ወደፊት ልየው» የሚባለው ትንሽ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

ጓደኛችሁ መንተባተብ ሲጀምር

ምልክቱ፦ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናቀፋል፣ ቃላት ይጎተቱበታል፣ ዚፑን መዝጋት ያቅተዋል፣ ይነጫነጫል። «ደህና ነኝ» ይላል።

መንስኤው፦ ሰውነቱ ሙቀት እያጣ ነው። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም። ሰኔም ላይ እርጥበትና ንፋስ ከተገናኙ ይበቃሉ። መንደሩ 12 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ወደ 6 ይወርዳል፤ ንፋሱ ሲታከል ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጥጥ ልብስ ነው። ጂንስ፣ ቲሸርት፣ የጥጥ ሹራብ ነገር። ጋቢ እወዳለሁ፣ ግን ጋቢም ጥጥ ነው። ጥጥ ከራሰ ሙቀት አይዝም።

መፍትሄው፦ ከንፋስ አስጠልሉት። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ ሱፍ ወይም ፍሊስ አልብሱት፤ ከሥሩ የሚቀመጥበት ነገር አንጥፉ። መዋጥ ከቻለ ጣፋጭና ትኩስ ነገር ስጡት። አረቄ አይሆንም፤ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀት ያስወጣል። መንቀጥቀጡን ሳይሞቅ ካቆመ፣ ወይም ከደነዘዘ፣ ያ መሻል አይደለም። እርዳታ ጥሩ።

እርዳታ መጥራት ግድ ሲሆን ስልኩ አልሠራ ሲል

ፊሸርፊልድ ውስጥ በሰፊው ኔትወርክ የለም። ካለ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ አድን ቡድን በሉ። አዳኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብም አይጠይቁም። ድምፅ አልሄድ ሲል አጭር መልእክት ሊሄድ ይችላል፤ ለዚያ ግን «ሬጂስተር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አስቀድማችሁ ወደ 999 ልካችሁ መመዝገብ አለባችሁ። አሁኑኑ አድርጉት። ምንም ከሌለ ፊሽካ አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ አርፉ፣ ድገሙ። ከሩቅ ሦስት ከሰማችሁ ተሰምታችኋል ማለት ነው። እስኪደርሱላችሁ መንፋታችሁን ቀጥሉ።

ትንኝና መዥገር

ሚጅ የምትባለው የስኮትላንድ ትንኝ የስፒል አናት የምታህል ናት፤ ግን በሺህ ነው የምትመጣው። ንፋስ በሌለበት፣ ደመናማና እርጥብ በሆነ ምሽት ትበረታለች። የፊት መረብ ያዙ፣ ድንኳናችሁንም ነፋሻ ቦታ ትከሉ። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ንፋስ ካለ አትበርም።

መዥገር ግን በዝምታ ነው። ቤት ስትገቡ ሰውነታችሁን ፈትሹ፦ ብብት፣ ጭን፣ ከጉልበት ኋላ፣ የፀጉር ሥር። ከተገኘች በቀጭን ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ አትቀቡ፣ ነጭ ጋዝ አታፍስሱ፣ ክብሪት አታስጠጉ። አንዳንዷ መዥገር «ላይም» በሚባል በሽታ ትለክፋለች። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ነው። ብዙ ሥዕሎች የሚያሳዩት ነጭ ቆዳ ላይ ደማቅ ቀይ ክብ ነው። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ግን ላይጎላ፣ በለዝ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቅላት አትጠብቁ። የማይጠፋ ጠቆር ያለ ክብ ወይም እንደ ጉንፋን ያለ ሕመም ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የት እንደነበራችሁና መቼ እንደተመለሳችሁም ሳትጠየቁ ንገሩት።