ለትንሽ ሊኑክስ የቱ ቡት ሎደር?

የእህቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ። ራሙ 2 ጊጋ፣ ማከማቻው 32 ጊጋ። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ልጭንለት ቁጭ አልኩ። ጥያቄው ቡት ሎደሩ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ የቱ ይሁን የሚል ነበር።

መጀመሪያ ማሽኑ በምን እንደሚነሳ እዩ። ሊኑክስን ከፍላሽ ካስነሳችሁ በኋላ «ሲስ» ፎልደር ውስጥ «ፈርምዌር» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ «ኢኤፍአይ» ካለ በዩኢኤፍአይ (ማሽኑን በሚያስነሳው አዲሱ የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ተነስታችኋል። ከሌለ በድሮው ባዮስ ነው። ግን ፍላሹ የተነሳበትን መንገድ ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ማሽኑ ሁለቱንም ይችል እንደሆነ የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ።

ባዮስ ብቻ ከሆነ ግራብ የተባለውን ቡት ሎደር ጫኑና ተገላገሉ። ዲስኩ የተከፋፈለው በጂፒቲ (በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ከሆነ ብቻ 1 ሜጋባይት የምታህል፣ ፎርማት ያልተደረገች «ባዮስ ቡት» ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ስጡት።

ዩኢኤፍአይ ላይ ምርጫው ይሰፋል። እኔ መጀመሪያ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ያለ ቡት ሎደር በቀጥታ አስነሳሁት። አማላጅ የለ፣ ሜኑ የለ፤ ደስ ሲል! ልጁ ደብረ ብርሃን ትምህርቱ ላይ እያለ አንድ ጥገና ቤት ሴቲንጉን ወደ ፋብሪካው መለሰበት። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሞተ» ብሎ ደወለ። አልሞተም። ከርነሉ የት እንዳለና ሩት ፓርቲሽኑ (ሲስተሙ ያለበት የዲስክ ክፍል) የትኛው እንደሆነ የተጻፈው ማዘርቦርዱ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱ ተሰረዘ። በስልክ ላስተካክል ብል ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን። በመጨረሻ በአውቶቡስ ይዞት መጣ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲስተምዲ ቡት የተባለ ቀለል ያለ ቡት ሎደር ጫንኩ። ሜኑው አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። ሲጫን ደግሞ ራሱን በመጠባበቂያው ቦታ ጭምር ይቀዳል፦ «ኢኤፍአይ» ፎልደር፣ ውስጡ «ቡት»። ማዘርቦርዱ ሁሉን ቢረሳ እንኳ እዚያ ይፈልጋል። ከርነሎቹ የሚቀመጡት ይህ ፎልደር ባለበት፣ በፋት 32 ፎርማት በተደረገው የማስነሻ ፓርቲሽን ላይ ስለሆነ 512 ሜጋባይት ስጡት። 100 ሜጋ ብትሰጡት ቶሎ ሊሞላባችሁ ይችላል። አሮጌውን ከርነል አታጥፉ። አፕዴት ስታደርጉ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ፋት ጆርናል (ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ፋይሎች እንዳይበላሹ የሚረዳ መዝገብ) የለውም፣ መብራት ደግሞ ሰዓት አይመርጥም።

ሴኪዩር ቡትን (የታመነ ፊርማ የሌለው ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ማጥፋት ካልፈለጋችሁ ግን ዴቢያን ላይ ግራብን ያዙ፤ ፊርማ ይዞ ይመጣል። ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ ፈርምዌራቸው (የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) 32 ቢት የሆነ፣ አቶም በሚባለው የኢንቴል አነስተኛ ፕሮሰሰር የሚሠሩ ትናንሽ ላፕቶፖችም አሉ። ለእነሱም ግራብ።

ባለፈው ሳምንት የልጁ ላፕቶፕ ሴቲንግ እንደገና ጠፍቶ ነበር። አልደወለም፤ ቤት ሲመጣ ስጠይቀው ነው የሰማሁት።